መቶ በመቶ ትርፍ የተባለው ከየትኛው ወጪ በኋላ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ፣ ያው ሁላችንም ፍሊፕ የምንለው ሥራ፣ በየትኞቹ የአሜሪካ ከተሞች የበለጠ እንደሚያዋጣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ መነሳቱ ደስ ብሎኛል። ብዙ ወገኖቻችን ለዓመታት ያጠራቀሙትን የሚያፈሱበት ሥራ ነው። ሰንጠረዡ ግን አሳስቦኛል። ፒትስበርግ፣ ቡፋሎና ስክራንተን ከላይ ተደርድረዋል፤ ዳላስ፣ ሳን አንቶኒዮና ኦስቲን ከታች። በየስማቸው አጠገብ የትርፍ መቶኛ ተቀምጧል። መቶኛው እንዴት እንደተሰላና ምን ምን እንዳልተቀነሰለት ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ "ፒትስበርግ መቶ በመቶ ያስገኛል ተብሏል፣ ምን ትላለህ?" እያሉ የሚደውሉልኝ ሰዎች በዝተዋል። ሥራዬ የሂሳብና የታክስ ነው። ፍሊፕ የሚያደርጉ ደንበኞች ስላሉኝ፣ ቤቱ የተገዛበትም የተሸጠበትም የክሎዚንግ (የሽያጭ ማጠናቀቂያ) ወረቀት በእጄ ያልፋል። ከደወሉት አንዱ ከሚስቱና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ እግሩ ረግጦት በማያውቅ ከተማ፣ በፎቶ ብቻ ያየውን ቤት ሊገዛ ጫፍ ላይ ደርሷል። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች በብዛት የሚቀዱት አቶም የተባለው የንብረት መረጃ ድርጅት በየሩብ ዓመቱ ከሚያወጣው ሪፖርት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቤት በ12 ወር ውስጥ ተገዝቶ እንደገና ከተሸጠ ፍሊፕ ተብሎ ይቆጠራል። ከተሸጠበት ዋጋ ላይ የተገዛበት ይቀነሳል፤ የተረፈው ለተገዛበት ዋጋ ይካፈላል። በቃ። የማደሻ ወጪ የለበትም። ወለድ የለበትም። የኤጀንት ኮሚሽን፣ ቤቱ ስም ሲዛወር የሚከፈለው የዝውውር ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና ውሃ፣ አንዱም የለበትም። ድርጅቱ ይህንን አልደበቀም፤ እንዲያውም ማደሻና ሌሎች ወጪዎች ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ ከ20 እስከ 33 በመቶ እንደሚደርሱ በሥራው የቆዩ ሰዎች እንደሚገምቱ ራሱ ይጽፋል። ችግሩ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማብራሪያው መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። በእናንተም ጋዜጣ የሆነው ይኸው ነው።

ማብራሪያው ሲመለስ ምን እንደሚመስል እዩት። በ2023 በአገር አቀፍ ደረጃ የፍሊፕ ጥቅል ትርፍ፣ ማለትም ወጪ ሳይቀነስ፣ 27.5 በመቶ ነበር። በ2016 ወደ 50 በመቶ ይጠጋ ነበርና ምን ያህል እንደወረደ ከዚህ መገመት ይቻላል። እንግዲህ አንድ ሰው በ200 ሺህ ዶላር ገዝቶ በ255 ሺህ ሸጠ እንበል። 27.5 በመቶ ማለት ይህ ነው፤ በወረቀት ላይ 55 ሺህ ዶላር አተረፈ። ወጪው ከሽያጩ 20 በመቶ ብቻ ከሆነለት 51 ሺህ ይወጣል። የቀረው 4 ሺህ ዶላር ነው። ወጪው 33 በመቶ ከደረሰ ደግሞ 84 ሺህ ሆነ ማለት ነው፤ ከኪሱ ወደ 29 ሺህ ዶላር ጨምሮ ወጣ። ይህ ሰው በጋዜጣ ሰንጠረዥ ላይ 27.5 በመቶ ካተረፉት ጋር ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ከተሞቹ ልምጣ። ፒትስበርግና ቡፋሎ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚቀመጡት አንዱ ምክንያት የሚካፈልበት ቁጥር ትንሽ መሆኑ ነው። ርካሽ ቤት ሲታደስ መቶኛው በቀላሉ ይዘላል። በዶላር ብዛት ብታስቀምጡት ሰንጠረዡ ይገለበጣል፤ ሳን ሆዜ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተን ወደ ላይ ይመጣሉ። ሁለቱም አቀማመጥ ግን ወጪን አያይም፤ ስለዚህ ሁለቱም ለውሳኔ አይበቁም።

ለማሳያ ሁለት ቤት እንውሰድ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፣ ግን በየወረቀቱ ላይ ከማየው ብዙም አይርቁም።

አንዱ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ በ90 ሺህ ተገዝቶ በ180 ሺህ ተሸጠ። መቶ በመቶ! ማደሻው 45 ሺህ ፈጀ። በፒትስበርግ ከተማ የስቴቱ፣ የከተማውና የትምህርት ቤቱ ዝውውር ታክስ ተደምሮ 5 በመቶ ነው፤ እንደ ልማዱ ገዢና ሻጭ እኩል ሲካፈሉት፣ እናንተ ስትገዙም ስትሸጡም ትከፍላላችሁ፤ 2,250 መግቢያ ላይ፣ 4,500 መውጫ ላይ። ኮሚሽን 5 በመቶ ብንል 9 ሺህ። ሃርድ መኒ፣ ማለትም ወለዱ ውድ የሆነ የአጭር ጊዜ ብድር፣ ከሚያበድር ሰው 100 ሺህ ዶላር በ12 በመቶ ለስድስት ወር ከተወሰደ ወለዱ 6 ሺህ፣ መነሻው ላይ የሚቆረጠው ሁለት ፖይንት (የብድሩ 2 በመቶ) 2 ሺህ። ንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስና መብራት 3,500። የታይትል (የባለቤትነት ማጣሪያ) እና የክሎዚንግ ክፍያዎች 3 ሺህ። ድምሩ 75,250 ዶላር። የቀረው 14,750 ነው። የመግዣውን ዋጋ ጨምሮ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ወደ 9 በመቶ ይሆናል።

ሌላው ሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ በ350 ሺህ ተገዝቶ በ500 ሺህ ተሸጠ። በሰንጠረዡ አነጋገር 43 በመቶ፤ ከፒትስበርጉ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማደሻው 55 ሺህ። የስቴቱና የካውንቲው የዝውውርና የምዝገባ ታክስ 2.5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ግማሹን ስንገዛ ግማሹን ስንሸጥ ብንል ወደ 10,600 ይሆናል። ኮሚሽን 25 ሺህ። 300 ሺህ ብድር በ11 በመቶ ለአምስት ወር 13,750፣ ፖይንቱ 6 ሺህ። ሌላ ሌላው ተደምሮ 9,500። የቀረው 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ከ6 በመቶ ትንሽ ፈቀቅ ይላል።

100 እና 43 ተብለው የነበሩት 9 እና 6 ሆኑ። ፒትስበርግ አሁንም በመቶኛ ይመራል፤ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ሰው ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ፣ በየሳምንቱ አራት ሰዓት ነድቶ ወይም ሁሉን ነገር በስልክ ለኮንትራክተር አምኖ፣ ለዚያ ልዩነት ብሎ ይሄዳል ወይ? ሰንጠረዡ "መቶ" ሲለው ይሄዳል። "9" ሲለው ቆም ብሎ ያስባል።

ከመቶኛው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣሪያ የሚሠራው ሰው የቤታችሁን ዋጋ አይጠይቅም። የማሞቂያ ፈርነስ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ፓነል 90 ሺህ ለሚያወጣ ቤትም 350 ሺህ ለሚያወጣ ቤትም ዕቃው ያው ዕቃ ነው። የሠራተኛ ዋጋ ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ እውነት ነው፣ ግን የቤት ዋጋ በሚለያይበት ልክ አይለያይም። ስለዚህ ግድግዳው ተከፍቶ ያልታሰበ የ10 ሺህ ዶላር ሥራ ቢገኝ፣ የፒትስበርጉ ትርፍ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሄደ። የፕሪንስ ጆርጅሱ አንድ ሦስተኛው ነው የሚሄደው። ርካሹ ቤት የስህተት ቦታ የለውም።

በእነዚያ ከተሞች ግድግዳ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ነገር ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ቤቶች የሞሉበት አገር ነው። ሽቦው በነጭ ሸክላ መያዣ የተዘረጋ የጥንት ሽቦ ይሆናል፤ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች አይወዱትም። ከቤቱ ወደ መንገድ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ የሸክላ ሆኖ የዛፍ ሥር ገብቶበት ይገኛል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ላይ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ ከ2010 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ ያንን ቀለም የሚነካ ኮንትራክተር ሰርተፊኬት ሊኖረው ግድ ነው፤ ርካሽ ሠራተኛ ይዤ ላስጨርስ የሚለው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጠመደው። ምዕራብ ፔንስልቬንያ ውስጥ ደግሞ ከቤቱ ሥር የድሮ የከሰል ማዕድን ዋሻ ሊኖር ይችላል። ስቴቱ ራሱ ለዚህ የተለየ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ተራው የቤት ኢንሹራንስ መሬት ሲሰምጥ አይከፍልምና።

ታዲያ ውድ ገበያ ይሻላል ማለቴ ነው? አይደለም። ውድ ገበያ የሚመታው በሌላ በኩል ነው። ከላይ ባየናቸው ሁለት ቤቶች የመሸጫ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ይውረድ። የፒትስበርጉ ትርፍ ወደ 6,400 ይወርዳል። የፕሪንስ ጆርጅሱ ከ30 ሺህ ወደ 6,700 ይወርዳል። እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። በርካሽ ገበያ የሚጥላችሁ የማደሻ ወጪ ነው፣ በውድ ገበያ የሚጥላችሁ የዋጋ መውረድ ነው። ሰው የትኛውን እንደሚችል ራሱን መጠየቅ ያለበት በዚህ ነው። እጁ ላይ ሙያ ያለው፣ ቧንቧም ኤሌክትሪክም የሚያውቅ ወንድም ያለው ሰው የመጀመሪያውን ይቋቋማል። ገበያውን በቅርብ የሚያውቅ፣ የትኛው መንገድ ላይ ያለ ቤት በስንት ቀን እንደሚሸጥ የሚናገር ሰው ሁለተኛውን ይቋቋማል።

የዋጋ መውረድ ቀልድ አይደለም። ዚሎው የተባለው የቤት ገበያ ድረ ገጽ ያን ሁሉ መረጃና ያን ሁሉ የሂሳብ ባለሙያ ይዞ በብዙ ከተሞች ቤት እየገዛ፣ ጠጋግኖ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ብቻ በያዛቸው ቤቶች ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ቀንሶ መዘገበ፣ በኖቬምበር ወር መግቢያ ላይም ያንን ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱን ሲናገርም የቤት ዋጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ስንት እንደሚሆን መገመቱ ካሰበው በላይ አስቸግሮት እንደነበር ነው የገለጸው። ኦስቲንንም ተመልከቱ። በ2022 ጣሪያ ነክቶ የነበረው ዋጋ ከዚያ ወዲህ በጣም ወርዷል። በዚያን ጊዜ በውድ ገዝቶ ኩሽናውን በእብነ በረድ ያሳመረ ሰው ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም የከሰረው።

ስለ ቴክሳስ ካነሳን፣ ሰንጠረዣችሁ ላይ ዳላስ፣ ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ ከታች መቀመጣቸው ሌላ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገው ነበር። ቴክሳስ ቤት የተሸጠበትን ዋጋ ለሕዝብ መዝገብ ማሳወቅ ግዴታ ካልሆነባቸው ስቴቶች አንዱ ነው። የፔንስልቬንያና የሜሪላንድ ዋጋ ከመዝገብ ላይ ይነበባል፤ የቴክሳሱ ግን ሙሉ አይደለም፣ ከሌላ ምንጭ ይሞላል ወይም ይገመታል። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት መደርደር ልክ አይመስለኝም። ደግሞም ቴክሳስ የራሱ ጠባይ አለው። የዝውውር ታክስ የለም፣ የስቴት ገቢ ታክስ የለም፤ ይህ በሰንጠረዡ ላይ የማይታይ ጥቅም ነው። በምትኩ ዳላስ አካባቢ የንብረት ታክሱ በዓመት ወደ 2 በመቶ ይጠጋል፣ ቤቱ ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር ይበላል። አፈሩም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ስለሆነ መሠረት ያንቀሳቅሳል። በሩ አልዘጋ ካለ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ቀለም ከመቀባት በፊት መሐንዲስ መጥራት ነው።

ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ልጨምር። በ12 ወር ውስጥ ያልተሸጠ ቤት ከናካቴው አይቆጠርም። ሳይሸጥ ቀርቶ በግድ ወደ ኪራይ የተዞረው፣ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ጠብቆ ዓመቱን ያለፈው፣ ባንክ የወሰደው፣ እነዚህ ሁሉ ከሰንጠረዡ ውጪ ናቸው። የምናየው የተሳካላቸውን ወይም ቢያንስ ሸጠው የወጡትን ነው። ይህ በየትኛውም ከተማ ያለ ችግር ነው፤ ግን ፐርሚት በሚዘገይበትና ባዶ ቤት በበዛበት ከተማ ላይ ይበልጥ ያሳስታል።

ባልቲሞርን ውሰዱ። ከእኛ ሰዎች መኖሪያ ቅርብ ስለሆነ ብዙዎች ይሄዱበታል። በመቶኛ ከሚያበልጡት ከተሞችም ብዙ ጊዜ ስሙ ይጠራል። ከ10 ሺህ በላይ ባዶ ቤት ያለበት ከተማ ነው። አንድ ብሎክ ላይ የታደሰ ቤት በ300 ሺህ ሲሸጥ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያው ዓይነት ቤት አንድ ሦስተኛውን አያወጣም። የከተማ አማካይ ቁጥር ለዚህ ምንም አይልም። የከተማው የንብረት ታክስ በ100 ዶላር ግምት 2.248 ዶላር ነው፣ ከጎኑ ያለው ባልቲሞር ካውንቲ 1.10 ነው። ገዢው ይህንን ያውቃል፤ ወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ይገባበታልና፣ ለቤታችሁ ሊሰጣችሁ የሚችለውን ዋጋ ያወርደዋል። ከዚህ ሌላ ግራውንድ ሬንት የሚባል አለ። ቤቱ የእናንተ ይሆናል፣ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ሆኖ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍሉበታላችሁ። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ግን ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ክሎዚንጉ ላይ ይመጣል። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶች ላይ ደግሞ የጎረቤቱ ቤት ባዶ ከሆነና ጣሪያው ከተከፈተ፣ ውሃው የሚገባው ወደ እናንተ አዲስ ግድግዳ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ቤት ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙንም እዩ።

ዲሲም ቢሆን በዶላር ትርፍ ከላይ መቀመጡ ብቻ አያዋጣም። የተለመደው የመኖሪያ ቤት ታክስ በ100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ነው። ባዶ ተብሎ ለተመዘገበ ቤት ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ተመን ግን 5 ዶላር ነበር፣ የፈራረሰ ከተባለ 10 ዶላር። በዚያ ተመን 400 ሺህ ለተገመተ ቤት 3,400 የነበረው ዓመታዊ ታክስ 20 ሺህ ይሆን ነበር ማለት ነው። ፐርሚት አውጥቶ እየሠራ ያለ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። ካላመለከተ ግን ማንም ቤቱ ድረስ መጥቶ አይነግረውም።

ለቤት ብድር ዋስ የሚሆነውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኤፍኤችኤን፣ ደንብ ጽሑፋችሁ ጨርሶ አለማንሳቱ ገርሞኛል። ርካሽ ቤት የሚገዛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ነው፣ ይህ ሰው ደግሞ በብዛት የሚመጣው በኤፍኤችኤ ብድር ነው። ሻጩ ቤቱን ከገዛ 90 ቀን ሳይሞላ ውል ከተፈራረሙ ኤፍኤችኤ ያንን ብድር አይቀበልም። ከ91 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የመሸጫ ዋጋው ከመግዣው መቶ በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ሁለተኛ አፕሬይዘር (የቤት ዋጋ ገማች) መጥቶ ዋጋውን ማረጋገጥ አለበት፣ ወጪው በገዢው ላይ አይጫንም። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉም የሚመኘው መቶ በመቶ ነው ደንቡን የሚቀሰቅሰው። ከላይ ያሳየሁት የፒትስበርግ ቤት በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ሁለተኛው አፕሬይዘር ዋጋውን ከመጀመሪያው ግምት ከ5 በመቶ በላይ ዝቅ ካደረገው ብድሩ በዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ነው የሚሰላው። የጠበቃችሁት ወር ደግሞ ወለድ እየቆጠረ ነው።

የርቀቱን ነገር ብዙ አልልም፣ ግን አንድ ደንበኛዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ይኖራል፣ ቤቱ ኦሃዮ ነው። ክረምት ላይ ሥራው ሲቋረጥ ኮንትራክተሩ ማሞቂያውን አጥፍቶ ሄደ። የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ ቀዝቅዞ ፈነዳ፤ ውሃው አዲሱን ወለልና አዲሱን የኩሽና ቁም ሣጥን አጥለቀለቀው። ለኢንሹራንሱ ሲደውል የያዘው ፖሊሲ ሰው የሚኖርበት ቤት ፖሊሲ መሆኑ ታየ፤ ቤቱ ባዶ በመሆኑ ካሳውን ከለከሉት። ባዶ ቤት ለሚያድስ ሰው የሚሆነው ፖሊሲ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሰንጠረዡ ላይ ያ ቤት 60 በመቶ አትርፎ ሊሆን ይችላል። የሰውየውን የታክስ ፎርም ስሞላለት ያየሁት ግን ኪሳራ ነው።

ታክሱን ካነሳሁ፣ የእኔው ሙያ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ብዙ ሰው ከቤት ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ዝቅ ባለው የካፒታል ጌይን ተመን የሚታክስ ይመስለዋል። ለመሸጥ ብሎ የሚገዛ፣ ደጋግሞም የሚሠራ ሰው ግን በታክስ ሕግ ዓይን ነጋዴ ነው። ትርፉ እንደ ተራ ገቢ ይታከሳል፣ በላዩም 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ አለበት። ያንን የፒትስበርግ 14,750 ዶላር 22 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሰው ቢያገኘው፣ የፔንስልቬንያው 3.07 በመቶም ሲቀነስ፣ እጁ የሚገባው ከ9 እስከ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። አራት ሆነው አዋጥተው ከሆነ ለአንድ ሰው 2,400 ቢደርስ ነው፤ ለስድስት ወር ሥራ፣ ለስድስት ወር ጭንቀት። የሜሪላንድ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሜሪላንድ ላይ ሲሸጥ ደግሞ ታክሱ እዚያው ክሎዚንጉ ቀን ላይ ይያዝበታል። በኋላ ፎርም ሞልቶ የተረፈውን ያስመልሳል፣ ግን ያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ሰንጠረዡን እንደገና አውጡት፣ ግን ጥቅል የሚለውን ቃል በመቶኛው ራስ ላይ በጉልህ ጻፉበት። ከጎኑ የየከተማውን የዝውውር ታክስ፣ የንብረት ታክስና ቤት ተገዝቶ እስኪሸጥ የሚፈጀውን ጊዜ አስገቡ። ጊዜው ዋና ነገር ነው፤ በአራት ወር የተገኘ 8 በመቶና በ11 ወር የተገኘ 8 በመቶ አንድ አይደለም። ሰው እንደየሙያው ያድሳልና የማደሻውን ወጪ ጋዜጣ ሊያወጣለት አይችልም። ግን ባዶ ሳጥን ተዉለት፣ ራሱ ይሙላው። ስለ ከተማ ስትጽፉም ከተማውንና ዙሪያውን ለዩ። የፒትስበርግ 5 በመቶ ታክስ የከተማው ብቻ ነው፣ ሪፖርቱ ግን ፒትስበርግ ሲል በዙሪያዋ ያሉትን ካውንቲዎች ሁሉ ይጨምራል፣ እዚያ ታክሱ ዝቅ ይላል።

ለአንባቢዎችም፣ ኤጀንት ወይም የኮርስ ሻጭ "እዚህ ከተማ ይሄን ያህል በመቶ" ሲላችሁ፣ የሦስት የተሸጡ ቤቶችን የመግዣና የመሸጫ የክሎዚንግ ወረቀት ከማደሻ ደረሰኙ ጋር እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የሠራ ሰው ወረቀቱ አለው። ከዘመድ ጋር የምታዋጡ ከሆነም፣ ወጪው ካሰባችሁት ቢያልፍ ማን ምን ያህል እንደሚጨምር ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት በጽሑፍ ተፈራረሙ። እህትና ወንድም የማይነጋገሩበት ቤት አይቻለሁ፣ ምክንያቱ የ12 ሺህ ዶላር ጣሪያ ነው።

እኔ በበኩሌ ፈቃደኛ የሆኑ ደንበኞቼን ጠይቄ፣ ስምና አድራሻቸው ተሰርዞ፣ የእውነተኛ ቤቶችን ሂሳብ ከመግዣ እስከ ታክስ ድረስ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። በሚቀጥለው እትም ቦታ ከሰጣችሁኝ ከፒትስበርግና ከፕሪንስ ጆርጅስ እንጀምር። የዳላሱም ይመጣል፤ የዋጋውን ማስረጃ ግን ከመዝገብ ሳይሆን ከሻጮቹ ከራሳቸው ነው የማመጣው።

አክባሪያችሁ፣
የሂሳብና የታክስ ባለሙያ የሆነው አንባቢያችሁ